ቅቤ የጠገበ ጠመንጃ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጠመንጃውን ቅቤ የሚቀባ።

ቆይ ማንያህልሃል፣ አትቁነጥነጥ። ልጄን ከቤት ላስወጣው ወይስ ልተወው ብለህ ጠየቅኸኝ። እንዲህ ላለው ነገር እኔ አዎ ወይም አይ ብዬ አልመልስም፤ በእኔ አዎ ልጅህ ጎዳና ቢወድቅ ኋላ የምትረግመው እኔን ነው። ስለዚህ ተቀመጥና ስማኝ።

ይህ ሰው ገበሬ ነበረ። ከአባቱ የወረሰው ጠመንጃ ነበረው፤ ያ የጥንቱ ዓይነት፣ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቅ። አባቱ አውሬ ገድሎ በተመለሰ ቁጥር፣ እንደ ገዳይ ወግ ሚስቱ አናቱን ቅቤ ትቀባው ነበር። እሱም በእጁ የቀረውን ቅቤ በጠመንጃው እንጨትና ብረት ላይ ያብሰው ነበር፤ «እሷም ገዳይ ናት» እያለ። ልጁ ጠመንጃውን ሲወርስ ወጉን አብሮ ወረሰ። በበዓል ይቀባታል፣ ዝናብ ሲመታት ይቀባታል፣ ሲከፋውም ይቀባታል። ሚስቱ ለራሷ ጠጉር የምትቀባው አጥታ ታውቃለች።

አንድ ጊዜ ለአደን የመጣ እንግዳ በዚህ ገበሬ ቤት ሰነበተ። ሲሄድም ስለ መስተንግዶው ብሎ ሩቁን የሚያቀርብ የጠመንጃ መነጽር ሰጠው። መነጽሩ በጎኑና በአናቱ ትንንሽ ብሎኖች አሉት፤ አረሩ ወደ ቀኝ ከሳተ አንዱን፣ ወደ ላይ ከሳተ ሌላውን ትንሽ አዙሮ ማረም ነው። እንግዳው ይህንን አሳየው። ገበሬው መነጽሩን ይዞ እየሮጠ ወደ ቀጥቃጩ ሄደና በሁለት የብረት ቀለበት ጠመንጃው ላይ አሳሰረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን ማን ያስታውሰዋል?

ማሽላው ሊደርስ ሲል ከርከሮ ወረደ። ከርከሮን ታውቀዋለህ፤ ከሚበላው የሚረግጠው ይበዛል። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ «መነጽር ያለህ አንተ ነህ፤ ማማው ላይ አንተ ውጣልን» አለው። እሺ አለ። የእሱ ማሳ ከጫካው አፋፍ ስለሆነ ከርከሮው መጀመሪያ የሚገባው በእሱ ነው፤ ከዚያች ማሽላ ሌላ ደግሞ የዓመት ቀለብ አልነበረውም።

ማማው ላይ ከመውጣቱ በፊት ጠመንጃውን ሊሞክር ሾላው ላይ ቅል ሰቀለ። ተኮሰ፤ ወደ ቀኝ ሳተ። ብሎኑን አዞረ። ተኮሰ፤ አሁን ወደ ግራ ሳተ፣ ከቅሉም በላይ አለፈ። ሁለቱንም ብሎኖች አዞረ። ሦስተኛው መሬት ላይ አቧራ አስነሳ። «ባሩዱ አንሶ ነው» አለና ጨመረ። ባሩዱን የሚለካው ደግሞ በመዳፉ ነው፤ ሲናደድ መዳፉ ይሰፋል፣ ሲፈራ ይጠባል። የፊተኛው ተኩስ ጥላሸት አፈሙዙ ውስጥ እንዳለ አዲሱን በላዩ ይጠቀጥቃል። አንዴ አረሩን ይለውጣል፣ አንዴ ትከሻውን ይለውጣል፣ አንዴ የቆመበትን። በየጊዜው ሁሉንም ስለሚለውጥ የትኛው እንዳጠፋ ሊያውቅ አልቻለም።

ማታ ማታ ጠመንጃዋን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቅቤ ይቀባታል።

«አኩርፋ ነው» ይላል ለሚስቱ።

«ጠመንጃ ከመቼ ወዲህ ነው የምታኮርፈው?» ትለዋለች ሚስቱ። «ሥራ ፈትተህ እኔን አኩርፈህ ይሆናል እንጂ።»

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ከርከሮው ማሳው መካከል መጣና ቆመ። ገበሬው በመነጽሩ አየው፤ ጥርሱን ሳይቀር አየው። ተኮሰ። አረሩ የጎረቤቱን ቀፎ በሳው፣ ንቡም መንደሩን ቤት ለቤት አሳደደው። ፊታቸው ያበጠ ሰዎች ተሰብስበው «ከከርከሮው የአንተ ጥበቃ ባሰብን፤ ከማማው ውረድልን» አሉት። ወረደ። ወንጭፍ የያዙ ጎረምሶች ወጡበት። አፍሮ ነበር፤ ከማፈሩም በላይ ማሽላው ዓይኑ እያየ ሊያልቅበት ነው።

በማግስቱ ጠመንጃዋን ተሸክሞ ወደ ቀጥቃጩ ሄደ።

«ቅለጣትና ማረሻ አድርጋት» አለው።

ቀጥቃጩ ክፉ ሰው አልነበረም። «የአባትህ አይደለችም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«አባቴ ሲሞት ደህና ነበረች። እኔ ዘንድ ከመጣች ጀምሮ ተበላሸች። መክሬም፣ ለምኜም፣ ቀብቼም አልሆነችልኝም።»

ቀጥቃጩ ከሰል ጨመረና ወናፉን ይነፋ ጀመር። ገበሬው መነጽሩ እንኳ እሳት እንዳይገባ ብሎ መፍቻ አነሳ፤ ቀለበቶቹን ሊፈታ። መፍቻውን ከማሳረፉ በፊት ግን መነጽሩ በእጁ ውስጥ ዞረ። ምንም ሳይታገለው፣ ቅቤ ውስጥ እንደወደቀ ቁልፍ። ቀለበቶቹ ላልተዋል፣ ከሥራቸውም ቅቤ ሞልቷል። ብሎን ባዞረ ቁጥር፣ በተኮሰም ቁጥር፣ መነጽሩ ያሰኘው ቦታ እየሄደ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። ገበሬው ቅቤውን በጣቱ ጠርጎ አየው። የአባቱ ጠመንጃ መነጽር አልነበራትም፤ ቅቤውም ያን ጊዜ ክፋት አልነበረውም።

«እሳቱ ደርሷል» አለ ቀጥቃጩ።

«ተወው።»

«ከሰሌን በከንቱ አስጨረስኸኝ እኮ።»

«ማሽላ ከተረፈኝ እክስሃለሁ» አለና ጠመንጃዋን ይዞ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ቅቤውን በፍል ውሃና በአመድ አጠበ። ከቀለበቶቹ ሥር ቀጭን ጠፍር አስገብቶ ጠበቅ አድርጎ አሰረ። ባሩዱን ከዚያን ቀን ጀምሮ በመዳፉ አልለካም፤ በአንዲት የቀንድ ጫፍ ልክ ብቻ እንጂ። በተኮሰ ቁጥር አፈሙዙን በዘንግና በጨርቅ ይወለውላል። የመነጽሩን ብሎኖች ግን አልነካቸውም። ተኮሰ፤ ከቅሉ በስተቀኝ ሳተ። እጁ ብሎኑን ሊያዞር በላው፤ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት። እንደገና ተኮሰ፤ ያው ከቅሉ በስተቀኝ። ደግሞ ተኮሰ፤ ያው። ሳቁ ቤት ድረስ ተሰማ፣ ሚስቱም ብቅ አለች።

«መታኸው?»

«ሳትኩት። ግን አንድ ቦታ ነው የሳትኩት» አላት።

ሴትየዋ ያን ጊዜ ያበደባት መስሏት ነበር። እሱ ግን ብሎኑን ትንሽ አዙሮ እንደገና ሲተኩስ ቅሉ ተፈረካከሰ። በዚያው ሳምንት ከርከሮውን ገደለው። ማሽላው እኩሌታው አልቆ ነበር፤ የተረፈው እኩሌታ ግን ቤተሰቡን እየተቆጠበ ለክረምቱ አደረሰ። ሚስቱም እንደ ወጉ አናቱን ቀባችው። በእጁ የቀረውን ቅቤ የት አደረገው ብትለኝ፣ ለሚስቱ ጠጉር አደረገው።

እንግዲህ ማንያህልሃል፣ አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ልጅህን መክሬዋለሁ አልህ፣ ገርፌዋለሁ አልህ፣ ትምህርት ቤት ለውጬለታለሁ፣ አጎቱ ዘንድ ልኬዋለሁ አልህ። ሁሉም እውነት ነው፣ አይቻለሁ። ሌላም ያየሁት አለ። በፋሲካ ማግስት ዋሸኝ ብለህ አለንጋ አነሳህበት። በሰኔ እንግዶችህ ፊት ያንኑ የመሰለ ውሸት ሲዋሽ «ጮሌ ነው፣ እኔን ነው የወጣው» ብለህ ሳቅህ። እኔም እዚያ ተቀምጬ ነበር። እንግዶቹ ሲስቁልህ ልጁ ወደ እኔ አየ፤ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም ነበር። የገረፍኸው ዕለት ማታ ደግሞ ትጸጸትና ገበያ ወርደህ ጫማ ትገዛለታለህ። ቅቤህ ያ ነው። ልጁ ክፉ ይሁን ደግ እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ማወቅ አትችልም፤ የምታይበት ነገር በየቀኑ ይዞርብሃላ።

አየህ፣ አንገትህን ደፋህ። መልካም ነው፣ ቀና በል ግን። ጠላትህ አይደለሁም፤ አንተን ሳዝል ያደግሁ ሰው ነኝ።

ከእንግዲህ አዲስ ነገር አትጨምርበት። መጀመሪያ ራስህን አጥብቅ። በደስታ ቀንህም በንዴት ቀንህም ለአንድ ጥፋት አንድ ቃል ይኑርህ። ያጠፋውን ዛሬ ጨርስ፣ ነገ ያለፈውን ጥላሸት አምጥተህ በላዩ አትጠቅጥቅበት። ያኔም ልጁ ይስታል። ይሳት። አንድ ቦታ መሳት ሲጀምር ያን ጊዜ ሕመሙን እናውቃለን፤ ያን ጊዜ እኔም እመጣለሁ፣ ትንሽ ነገር እናዞራለን። ያ ገበሬ ጠመንጃውን ከእሳት የመለሰው ገና ብረቱ ሳይግል ነው። ማረሻ ከሆነ በኋላማ ምን ያደርገዋል?

ልጁ አሁን አንተን ሸሽቶ አክስቱ ቤት ነው ያለው አይደል? ተነስ፣ ሳይመሽ ሄደህ አምጣው። በመንገድህ ላይ ግን ጫማ እንዳትገዛ።