የባዶው በርሜል ጢስ

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ ምነው ድምፃችሁ ሟሸሸ? እራት የበላ ሰው እንዲህ ነው የሚመልስ? ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!!
፦ እንዲያ ነው እንጂ። በሉ ጠጋ በሉ። አንቺ እግርሽን ሰብስቢ። አንተም ያን ግልገል ከጆሮዬ አርቅልኝ።

በድሮ ዘመን ነው። በጣም ድሮ ግን አይደለም። ጅብና አንበሳ ማውራት ትተው ሰው ብቻውን ማውራት የጀመረ ጊዜ ነው። ቆቅ ውሃ በምትባል መንደር ቸኮል የሚባል ጎልማሳ ነበረ። ሀሁ ብሎ ጀምሮ ዳዊት ሳይደግም ከየኔታ ቤት የጠፋ ነው። እጁ ግን አያርፍም። የተሰበረ ነገር ካየ ይፈታዋል። ያልተሰበረም ካየ ይፈታዋል። ባሏ የሞተባት እናት ነበረችው፤ የውብዳር ትባላለች። ሁለት በሬም ነበራቸው፤ አንዱ ቦራ፣ አንዱ ዳማ። በሬ ደግሞ ጥማድ ነው። አንዱ ከሌለ ሌላው ሣር የሚበላ ድንጋይ ነው።

ታዲያ የቅበላ ዕለት፣ በነጋው ሁዳዴ ሊገባ፣ አገሩ በልቶ ጠጥቶ ሆዱን ሲያሻሽ፣ ቦራ ገደል ገባና እግሩ ተሰበረ።

በዚያ አገር የሰው በሬ ሲሰበር መንደሩ ይሰበሰባል። በሬው ይታረዳል። ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል። ሁሉም አንድ አንድ መደብ ይገዛል። ሥጋ አምሮት አይደለም፤ ባለቤቱ ሌላ በሬ እንዲገዛ ነው። ቅርጫ ይሉታል። ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ ነው ነገሩ።

እንደ ወጉ መጡ። አረዱ። ገፈፉ። ደለደሉ። ከዚያም ፀሐይ ጠለቀችና እርስ በርስ ተያዩ።
፦ ነገ እኮ ሁዳዴ ነው፣ አለ አንዱ።
፦ እኔም እስከዚህ ጠግቤያለሁ፣ አለ ሌላው፤ አንገቱን አሳየ።
፦ እግዜር ይተካልሽ እትዬ የውብዳር፣ አለ ሦስተኛው፤ ቢላዋውን ጠረገና ሄደ።
እግዜር ይተካልሽ ማለት ከቅርጫ ይረክሳል።

ጭቃ ሹም ደምሰው ደግሞ ነበረ። ጭቃ ሹም ማለት ግብር የሚያስከፍለው የመንደሩ ሹም ነው። እሱ ጉበቱን የሹም ድርሻ ነው ብሎ በነጠላው ጠቀለለና ከሁሉ በፊት ሄደ። ሁዳዴ የሚገባው ሲነጋ ነው፤ እስኪነጋ ደግሞ ሌሊቱ ረጅም ነው።

የውብዳር ሥጋው ሥር ተቀመጠችና አለቀሰች።
፦ ይኼ በሦስተኛው ቀን ይሸታል። ሰኔ ይመጣል። በአንድ በሬ ምን ላርስ ነው? መሬቱን ለሌላ ሰው መስጠት ነው፤ እሱ አርሶ እኩሌታውን ሊሰፍርልኝ።
ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ጭቃ ሹም ደምሰው ነው። በዚያ መንገድ ወደ ጭቃ ሹም የሄደ መሬት ተመልሶ አያውቅም።
፦ እማ፣ ሥጋው እስከ ፋሲካ ቢቆይስ?
፦ ፋሲካ! እንኳን ሥጋ፣ እኛስ ሳንሸት ከደረስን ተመስገን ነው።
፦ ቢቆይ ይሻሙበታል። ሲፈሰክ ሰው ጅብ ነው።
፦ ቋንጣ እንዳላደርገው ሰማዩን እየው!
እውነቷን ነው። ያን ዓመት የበልግ ጉም መንደሩ ላይ ተኝቶ አልነሣ ብሏል። የታጠበ ነጠላ እንኳ አይደርቅም።

ቸኮል በተቀመጠበት ቀና አለ። ከምድጃው በላይ፣ ጣራው ሥር፣ ለዘር የተሰቀለውን በቆሎ አየ። ጥላሸት ለብሷል፤ ነቀዝ ግን ነክቶት አያውቅም።
፦ እማ፣ በቆሎውን ከነቀዝ ማን ጠበቀው?
፦ ጢሱ ነዋ።
፦ የወተቱን ቅልስ በወይራ የምታጥኚው ለምንድን ነው?
፦ ወተቱ እንዲሰነብት። ምን ልትለኝ ነው?
፦ ቦራንም ጢሱ ይጠብቀው።
፦ ልጄ፣ በሬ ምድጃ ላይ አይሰቀልም!
፦ ምድጃው ካነሰ ሌላ ምድጃ እንሠራለን፣ አለ ቸኮል።

ከመንደሩ ዳር መንገድ ሠሪዎች የጣሉት የናፍጣ በርሜል ነበረ። መንገዱን ጀምረው ሳይጨርሱ ሄዱና እሱ ቀረ። በርሜል አልኩት እንጂ ጎጆ ነው፤ ሰው ቆሞ ይገባበታል። ዝገት በላው። ፍየል አደረበት። ልጆች በድንጋይ ደበደቡት። የእኔ ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

እናትየው ሥጋውን ዘልዝላ በጨው ስታሸው ቸኮል ወደ ብረት ቀጥቃጩ ወደ አያ ዘለቀ ሮጠ። አያ ዘለቀን ሰው ቡዳ ነው እያለ ይሸሸዋል፤ ማረሻው ሲዶለዱም ደግሞ አያ ዘለቀ፣ የኔ ጌታ፣ ይለዋል።
፦ አያ ዘለቀ፣ በርሜሉን ቅደድልኝ።
፦ ምን ሊሆንህ?
፦ በሬ ላስገባበት።
፦ የሞተውን ነው ያለውን?
፦ የሞተውን።
፦ በል ይሁን። ያለውን ብትለኝ ነበር የምሰጋ።

ቀደዱት። ከጎኑ በር አወጡለት፤ ከአናቱ ጢስ መውጫ። ከውስጥ ብረት አጋደሙበትና መስቀያ ሆነ። ቸኮልም ስሙ ቸኮል አይደል፣ እሳቱን እዚያው በርሜሉ ሆድ ውስጥ አነደደና የአንገቱን ሥጋ ሰቀለ። ሲያወጣው ውጪው ከሰል፣ ውስጡ ደም። ማን ይቅመሰው? ሁዳዴ ገብቷል!

ለዚህ የቸኮል ውሻ ተጠራ። የውሻው ስም ምናገባህ ነው። ያን ጊዜ ሰው ጎረቤቱን ፊት ለፊት መናገር ሲያፍር ውሻውን ወይ በሬውን እንደ ልቡ ስም አውጥቶ፣ በጎረቤቱ በር ሲያልፍ ይጠራው ነበር። የቸኮል ጎረቤት ማን ነው? ጭቃ ሹም ደምሰው።
፦ ምናገባህ! ና ብላ!
ውሻው ሥጋውን ነከሰ። ቸኮልን ቀና ብሎ አየው። አስነጠሰውና ወደ ወንዝ ሮጠ፤ ውሃ ሲጠጣ ዋለ።
፦ ናፍጣው አልለቀቀም፣ አለ አያ ዘለቀ እየሳቀ። እሳቱም ሥጋውን ካየው ይጠብሰዋል እንጂ አያጥነውም።

ቸኮል በርሜሉን በደረቅ እንጨት ሞልቶ ፍም እስኪመስል አነደደው። በአመድና በአሸዋ ፈገፈገው። ከዚያም እሳቱን ወደ ቁልቁለቱ ወሰደና ጉድጓድ ቆፈረለት። ከጉድጓዱ እስከ በርሜሉ ቦይ ቀደደና በድንጋይ ከደነው። እሳቱ ከታች ቀረ፤ ጢሱ ብቻውን እንደ እንግዳ ቀዝቀዝ ብሎ ገባ። እርጥብ ወይራ ጨመረበትና ሌላ ሥጋ ሰቀለ። ውሻው ይህን ሲቀምስ በርሜሉ በር ላይ ተጋደመና ከዚያ አልነሣም አለ። ሌባ እንዲያባርር የተቀመጠ ውሻ እሱ ራሱ ሌባ ሆነ።

ሥጋው ሁሉ ተሰቀለ። ጢሱም ጀመረ።

ግን ጉም አለ ብያችኋለሁ። ጢሱ ወደ ሰማይ አልሄደም። መንደሩ ላይ ተኛ። በየቤቱ ገባ። ሹሮ የሚበላው ሰው ጉርሻውን ይዞ ይፈዛል። ባል ሚስቱን ይቆጣል፤ ሚስት ድመቷን ትመታለች። ቄስ አየነው ይህን አዩና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተናገሩ።
፦ ልጆቼ፣ ማሽተት ኃጢአት አይደለም፤ አፍንጫ መዝጊያ የለውም። ሥጋ ሸትቶት ምራቁን የዋጠ ግን እሱ ገድፏል። እሱ ለፋሲካ ሥጋ አይቀምስም። እስከ ጰራቅሊጦስ ይጹም።

ከዚያ እሑድ ወዲህ በቆቅ ውሃ አፍንጫ ያለው ሰው ጠፋ።
፦ ሸተተህ?
፦ ምኑ?
፦ እኔ እንጃ፣ አንተን ነው የምጠይቅ።
፦ እኔም እንጃ።
ግን ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡት ወደ በርሜሉ ቁልቁል ሆነ። ወንዶቹ ወሬ የሚያወሩት ነፋሱ ጢሱን የሚያመጣበት ቦታ ሆነ። ጭቃ ሹም ደምሰውም የሚፈርድበትን ድንጋይ በሰው አስነሥቶ ከበርሜሉ አጠገብ አስተከለው።
፦ ምነው ጌታው፣ ከዋርካው ጥላ ለቀቁ? አለው ቸኮል።
፦ እዚህ ነፋሱ ለጉልበቴ ይስማማል።
፦ ጉልበትዎ በአፍንጫዎ በኩል ነው እንዴ?
ጭቃ ሹም ነገሩን ዋጠ። ከምራቁ ጋር ዋጠው።

ውሎ አድሮ ግን ጭቃ ሹም አሰበ። ይህ ሥጋ ፋሲካ ከደረሰ ይሸጣል። ከተሸጠ በሬ ይገዛል። በሬ ከተገዛ መሬቱ አመለጠኝ፣ አለ። ሥጋውም አምሮታል፤ መሬቱም አምሮታል። አንድ ቀን ቸኮልን ዋርካው ሥር፣ ሽማግሌዎች ፊት አቆመው።
፦ ይህ ከፊደል የሸሸ ልጅ በሁዳዴ ሥጋ እያጤሰ አገሩን ጾም አስገደፈ! በርሜሉ ከነሆዱ ይወረስልኝ!

የውብዳር የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። በርሜሉ ከሄደ ቦራ ሁለተኛ ሞተ፤ መሬቱም ተከትሎት ሄደ። ቸኮል ዙሪያውን አየ። ያ ሁሉ ሰው አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ተቀምጧል። ይህን ሲያይ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።
፦ ጌቶቼ፣ አስገደፈ ተባልኩ። ማንን ነው ያስገደፍኩ?
ሰው ሁሉ ነጠላውን አጥብቆ ሳበ።
፦ ሥጋ የሸተተው ይቁምና ይመስክርብኝ።
ሁሉም ቄስ አየነውን አየ። ቄስ አየነው የዝንብ ጭራቸውን አዩ።
፦ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ከረመ፣ አለ አንዱ።
፦ እኔ ከልጅነቴም አይሸተኝ፣ አለ ሌላው።
፦ እኔ ሰው ቅል የሚያጥን ነበር የመሰለኝ፣ አለች አንዲቱ።
፦ ከሳሹ እርስዎ ነዎት ጌታው፣ አለ ቸኮል። እርስዎስ ሸተትዎት?
፦ እኔ?! እኔን ምን ሲደረግ!
፦ ካልሸተትዎት ሥጋ እንዳለበት በምን አወቁ?
፦ ማን ሥጋ አለበት አለ?
፦ ታዲያ ምን አለበት?
ጭቃ ሹም ቄሱን ሰረቅ አድርጎ አየ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን ጊዜ አሰበ። ቤቱ የታሰረውን ሙክት አሰበ። ከዚያም ብድግ አለና እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።
፦ ምንም የለበትም! ንጉሥ ይሙት፣ በርሜሉ ባዶ ነው!

ወይ ጉድ! ንጉሥ ይሙት ብሎ የማለ ሰው ቃሉን ካጠፈ ሹመቱም ይቀራል፣ ጀርባውም አይተርፍም። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ አባ ብርቁ፣ ጺማቸውን አሹና ፈረዱ።
፦ ባዶ በርሜል ሰው አያስገድፍም። ልጁ ይሂድ።

ፋሲካ ሆነ። ሲነጋ መንደሩ በሙሉ በርሜሉ በር ላይ ተሰለፈ። ቸኮል በሩን ከፈተ። ሥጋው እንደ አሮጌ ጠፍር ጠቁሯል፤ ሲቆርጡት ግን ውስጡ ቀይ ነው፤ ሽታው ደግሞ አይነገርም። ያ የጠፋ አፍንጫ ሁሉ ተመለሰ! ቅበላ ዕለት ጠግቤያለሁ ያለው ሁለት መደብ ወሰደ። እግዜር ይተካልሽ ያለውም እፍረቱን ጨምሮ ከፈለ።

ይሄኔ ጭቃ ሹም ደምሰው ሎሌውን አስከትሎ ደረሰ።
፦ አቁሙ! ይህ በርሜል የመንግሥት ነው! ከነሆዱ እወስደዋለሁ!
የእኔ ነው ያለ አልነበረም ብያችሁ የለ? ይኸው ተገኘ።
፦ ከነሆዱ ሲሉ ከነምኑ ነው? አሉ አባ ብርቁ።
፦ ከነሥጋው ነዋ!
፦ ከነምኑ አሉ?
ሰው ሁሉ ማላመጡን አቆመ። አባ ብርቁም ቀጠሉ።
፦ ባዶ ነው ብለው በንጉሥ ምለዋል። ሥጋ አለበት ካሉ ወደ ወረዳ ገዥው ዘንድ አብረን እንሂድና መሐላውን እንንገር።
ጭቃ ሹም የተሰቀለውን ሥጋ አየ። እንዳላየም ሆነ።
፦ ባዶ ነው፣ አለ ቀስ ብሎ።
፦ አልተሰማም ጌታው!
፦ ባዶ ነው አልኩ! ለባዶ በርሜልስ ምን አደከመኝ! አለና ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ።

የውብዳር ግን ሆዷ አልቻለም። አንድ መደብ በኮባ ጠቀለለች።
፦ እማ! ለዚያ ሰውዬ? መሬታችንን ሊውጥ የነበረውን?
፦ ፋሲካ ነው ልጄ። ደግሞ ከዱላ ይልቅ ይኼ ይሻክረዋል።
ተላከለት። ጭቃ ሹምም መሐላው እንዳይፈርስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፍንጫውን ይዞ በላው አሉ። ኮባውንም ላሰው አሉ።

ሰኔ ሳይገባ ቸኮል በሬ ገዛና ከዳማ ጋር ጠመደው። መሬታቸውን ራሳቸው አረሱ። ለበሬውም ስም አወጣለት። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ጥማዱን ነድቶ በጭቃ ሹም ደምሰው በር ሲያልፍ ጅራፉን ያጮህና ይጣራል።
፦ ና ባዶነው! ሳብ ባዶነው! አይዞህ ባዶነው፣ አንድ ቀን ትጠግባለህ!
ጭቃ ሹም ከውስጥ ይሰማል። ምን ይበል? ለበሬ ስም አይከሰስ! ውሻውም ከኋላ ይከተላል።
፦ ምናገባህ! አንተም ና!

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በፋሲካ ሥጋ አብሱ። ሥጋ ከሌለ ዳቦም አልጠላ። ሌማቱ ባዶ ነው የሚለኝ ካለ ግን፣ ይማልልኝ፤ እኔም ነገ ውሻ ገዝቼ በእሱ ስም እጠራዋለሁ!