የአቶ ባንጫ ማጠንጠኛ

እኛ ቻሞ ሐይቅ ዳር፣ ሰውን ሁሉ በሆነ ባልሆነው ለሚጠረጥር ሰው የምንወረውርለት አንድ አባባል አለን። ወጣቶቹ አባባሉን ያውቁታል፤ ታሪኩን ግን አያውቁም። እኔ ከነባለቤቱ አውቀዋለሁ። ባለቤቱ አቶ ባንጫ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር።

ባንጫ ማንንም አያምንም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰው ሁሉ ጫማውን ደጅ አውልቆ ሲገባ፣ እሱ ጫማውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይገባል። ቄሱ ቢቆጡት፣ «አባቴ፣ እግዚአብሔርንማ አምናለሁ፤ የማላምነው አብሮኝ የሚሰግደውን ነው» አላቸው።

የዚህ ሰው ትልቁ ንብረት አንድ አሮጌ የዓሣ ክር ማጠንጠኛ ነበር። ለሽርሽር የመጣ ፈረንጅ ከነዘንጉ ትቶለት የሄደ ነው። ከናስና ከእንጨት የተሠራ ሆኖ፣ እጀታውን ሲያዞሩት ክሩን እየጠቀለለ ይሰበስባል። ሌላው አጥማጅ በመረብ ሲለፋ ባንጫ በዚህ ይኮራል። ያም ሆኖ «በነፃ የሰጠኝ ምን ቢኖርበት ነው?» እያለ ሰጪውን ጭምር ይጠረጥር ነበር።

ማጠንጠኛው አንድ ጉድለት ነበረው። ክሩ የሚጠመጠምበት መሃለኛው እንጨት ወፍራም ነው፤ ባንጫ የሚጠመጥምበት የጥጥ ሲባጎም ወፍራም ነው፤ ስለዚህ ብዙ ክር አይዝም። ትልቁ ነጭ ዓሣ መንጠቆውን ውጦ ወደ ጥልቁ ሲሮጥ ሲባጎው ያልቅና ይበጠሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባላስጨነቀው ነበር። ያን ሰሞን ግን ልጁን ድሮ፣ በሠርጉ ዕለት ሞቅ ሲለው በአማቾቹ ፊት አፉን ከፍቶ ነበር።

«ለመልሱ በሬ አላርድም! ከሐይቁ የበሬ ወንድም ጎትቼ አበላችኋለሁ!»

የሙሽራው አባት ከደጋ የመጡ፣ የሰው ቃል የማይረሱ ሽማግሌ ናቸው። «እንግዲያው ወንድምየውን ለማየት እንመጣለን» አሉ። የባንጫ ሚስት ብርቅነሽ የዚያን ዕለት ራሷን ይዛ ቀረች። ልጅቷ በባሏ ዘመዶች ፊት ቀና ብላ የምትሄደው ያ ዓሣ ከተገኘ ብቻ ነው።

ባንጫ ጨንቆት ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ወደ ኦይቻ ሄደ። ኦይቻ ማጠንጠኛውን አገላብጦ አየና፣ «ቀላል ነው፤ መሃሉን በሞረድ አሳሳዋለሁ፤ ሲባጎውን ጥለን ቀጭን ናይለን እንጠምጥምበት። እጥፍ ይይዝልሃል» አለው።

ናይለኑን ባንጫ ራሱ በክንዱ ለክቶ ገዝቶ አመጣ፤ ከኦይቻ ፊትም ተቀመጠና አልነሣ አለ። ኦይቻ ሞርዶ ሲጨርስ የረገፈውን የእንጨት ፍርፋሪ ሊጠርግ መጥረጊያ ቢያነሣ፣

«ተው! የኔ ነው» አለው።

«ይኼ ምን ይሠራልሃል ወንድሜ?»

«አንተስ ምን ሊሠራልህ ትሰበስበዋለህ?»

ኦይቻ ሳቀና ፍርፋሪውን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው፤ ባንጫም ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። እውነቴን ነው።

በዚህ መሃል አንድ ደንበኛ መጥቶ ብስክሌቱን ከባንጫ ዘንግ አጠገብ አቆመ። ባንጫ ዘንጉን ሊጠብቅ ተነሣ። ደንበኛውን ከእግር እስከ ራሱ ሲመረምር ቆይቶ ዞር ሲል፣ ኦይቻ ናይለኑን መጠምጠም ጀምሯል። ሥራው ሲያልቅ ኦይቻ እንዲህ አለው፤

«አንድ ነገር ልንገርህ። ክሩን እስከ ሥሩ ድረስ እንዳትፈታው። ካስቸገረህ ወደኔ አምጣው።»

ምነው ባላለው! ባንጫ ማታውን እንቅልፍ አልወሰደውም።

«ለምንድነው አትፍታው ያለኝ?» አላት ሚስቱን።

«እንዳይበላሽ ነዋ! ለምን ይሆናል ታዲያ?»

«እስቲ ተመልከች፤ ክሩ ከጠርዙ ጣት ያህል ጎድሏል። ያን ሁሉ ናይለን ገዝቼ ለምን አልሞላም? ቆርጦ አስቀርቷል!»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔንም አንድ ቀን ትለካኛለህ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እስከ ጠርዙ የተጠመጠመ ክር ሲለቀቅ እየዘለለ ይተበተባል፤ ኦይቻ ያጎደለው ለዚሁ ነበር። ቢጠየቅ ይነግረው ነበር፤ ባንጫ ግን ከመጠየቅ ይልቅ መጠርጠር ይቀለዋል። በማግሥቱ ናይለኑን ሙዝ ተክሉ መሃል ዘርግቶ በክንዱ ለካው። አንድ ጣት አልጎደለም። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ብሎ ይጠቀልል ነበር። ባንጫ ግን ይብስ ተጨነቀ።

«ክሬን ካልሰረቀኝ፣ ታዲያ ምኔን ነው የሰረቀኝ?»

የቀረውን ሲፈታ የክሩ ጫፍ እንጨቱ ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ገብቶ፣ በማያውቀው አስተሳሰር ተቋጥሮ አገኘው። «አሃ! ይኼ ነው አትፍታው ያሰኘው!» ብሎ ቋጠሮውን በምስማር ፈልፍሎ ፈታ፤ ቀዳዳዋንም ወደ ፀሐይ ይዞ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ አየ። ባዶ ናት። ምስማሩን ሰዶ ቆረቆረ፤ አሁንም ባዶ ናት። ተናደደና ናይለኑን መልሶ ጠመጠመው፣ ልክ ሲባጎውን ይጠመጥም እንደነበረው፣ ጫፉን ሳያስር። የጥጥ ሲባጎ ውሃ ሲነካው እንጨቱን ነክሶ ስለሚይዝ በእኛ ሐይቅ ማንም ጫፉን አያስርም ነበር። ናይለን ግን ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ታንኳ የሚቀዝፉለትን ሽማግሌ አቶ ዳንሳን ይዞ ወደ ጥልቁ ገባ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ዘንጉ ጎበጠ። ዓሣው አንድ ጊዜ ከውሃው ብቅ ብሎ ታየ። አቶ ዳንሳ በእውነት የበሬ ወንድም ነበር ይላሉ፤ እሳቸው ደግሞ ዋሽተው አያውቁም።

«ይሩጥ! ይሩጥ! ዛሬ ክር ሞልቶኛል!» እያለ ባንጫ ሳቀ።

ዓሣው ሮጠ፤ ማጠንጠኛው እየጮኸ ዞረ። ሲባጎው ያልቅበት ከነበረው በላይ ሄደ። መድከም ጀምሮ ነበር፤ ትንሽ ቢይዘው ኖሮ ይመለስ ነበር። ያኔ የናይለኑ ጫፍ ሸርተት ብሎ ከእንጨቱ ወጣና ውሃው ውስጥ ገባ። ባንጫ ባዶውን ማጠንጠኛ እንደያዘ ቀረ። አቶ ዳንሳ ነገሩ አልገባቸውም፤ ቢሆንም ሰውየው እንዳያለቅስ ፈርተው ምንም ሳይጠይቁ ወደ ዳር ቀዘፉ።

እሑድ አማቾች መጡ። ብርቅነሽ ከጎረቤት መረብ የለመነቻቸውን መዳፍ የማይሞሉ የቀረሶ ዓሣዎች ጠብሳ አቀረበች። የሙሽራው አባት ትሪውን ትክ ብለው አዩት።

«የበሬው ወንድም የሚባለው ይኼ ነው?» አሉ።

ሙሽራዪቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ባንጫ ይህን ሲያይ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ለመልሱ ከተጠሩት ጎረቤቶች መሃል ኦይቻ ተቀምጧል።

«ልጄን ያዋረዳት ይኼ ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ። «ማጠንጠኛዬን አበላሽቶ ዓሣዬን አስመለጠብኝ!»

ኦይቻ አልተቆጣም፤ ማጠንጠኛውን አስመጥቶ ጣቱን ቀዳዳዋ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ቋጥሬው ነበር። የት ሄደ?»

«ፈታሁታ!»

«ለምን?»

«ምን እንደሰረቅኸኝ ላውቅ ነዋ!»

«እና ምን ጎድሎ አገኘህ?»

ባንጫ ወደ ሚስቱ አየ፤ ወደ ልጁ አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። «ምንም» አለ።

ጥግ ተቀምጠው የነበሩት አቶ ዳንሳ የትናንቱ ነገር ያኔ ገባቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ «ምን ይደረጋል ጌቶቼ፤ ላልጠፋ ዕቃ ሌባ ሲያስስ፣ የታሰረውን ፈታ!» አሉ።