የልብስ ሰፊው ቀኝ እግር

በአንድ ወቅት፣ ያን ያህል ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ አቶ እንግዳወርቅ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸውን በቀኝ እግራቸው ሲረግጡ ይውላሉ፤ ግራው ከልጅነታቸው ጀምሮ አይታዘዛቸውም። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ካወቁ ወዲህ የሐኪም ምክር ሁሉ ይሰማሉ፤ ጫማ ቀይሩ ሲባሉ ብቻ እምቢ አሉ። ጠባቡ ጫማ ቀኝ ተረከዛቸውን ላጠው። ቁስሉ አልድን አለና ሆስፒታል ገቡ።

ሲስተር ጽጌ የምትባል ነርስ ቁስሉን አጥባ ስፖንጅ ከተተችበት፤ በስስ ላስቲክ አሽጋም በቱቦ ከአንዲት ትንሽ ፈሳሽ መሳቢያ ማሽን ጋር አገናኘችው። ለሦስቱ ልጆቻቸውም አስረዳቻቸው። ማሽኗ ቁስሉ የቋጠረውን ፈሳሽ በልኩ ስትስብ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ደም ወደ ሥጋው መንገድ ያገኛል፣ አዲስ ቀይ ሥጋም ይወጣል። ስትጠፋ ግን የታሸገው ስፖንጅ ቆሻሻውን ይዞ ይቀራል። ስትበረታም ጥሩ አይደለም፤ ደም በደንብ የማይደርሰውን እግር ስፖንጁ ተጭኖ ያለችውን ደም ይከለክለዋል።

«አታጥፏት፤ የኃይሏንም ቁጥር አትንኩ» አለች። ሦስቱም እሺ አሉ። መጀመሪያ ላይ ቁስሉ አማረበት፤ ቀላ፣ ከዳርም መጥበብ ጀመረ።

ታላቋ አስካለ አስታማሚ ነበረች። የሰፈሩ ሰው ደግሞ አባቷን ይወዳል፤ እሳቸው የሰፉትን ያልለበሰ የለምና ጠያቂ ከአልጋው ዙሪያ አይጠፋም። ማሽኗ ታጉረመርማለች፣ የሳበችው በሚጠራቀምበት ጠርሙስ ውስጥ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይታያል። አባትየው አፈሩ።

«ሰው ጉዴን አይይብኝ» አሏት።

አስካለ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ማሽኗን እያጠፋች በነጠላዋ ትሸፍናት ነበር። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል፤ የመጣን ሰው ደግሞ በቃ ሂድ አይሉት ነገር። ይሉኝታ ክፉ ነው። ማሽኗ ከሠራችበት ጊዜ የጠፋችበት በለጠ።

መካከለኛው ምትኩ የጋራዥ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን ሲመጣ ማሽኗን ጠፍታ አገኛትና እህቱን ተቆጣ። የባከነውን ላካክስ ብሎም ቁጥሯን ወደ ላይ አወጣው። የውሃ ፓምፕ ኃይል ሲጨመርለት ቶሎ ይጨርሳል፤ የሰው ሥጋም እንደዚያው መሰለው። አባቱ ሲያቃስቱ «ይቻሉት አባዬ፣ እየሳበልዎት ነው» አላቸው። ልጃቸው ነውና አምነውት ቻሉት። በማግስቱ ሲስተር ጽጌ ላስቲኩን ስታነሣው የቁስሉ ዳር ጠቁሯል፣ ውስጡም ሸትቷል። ለዚህ ያበቃው ማጥፋቱ ይሁን ማብዛቱ፣ ሐኪሙም መለየት አልቻለም።

አቶ እንግዳወርቅ በትኩሳት ይቃዡ ጀመር። ሐኪሙ እግሩ ዛሬውኑ ካልተቆረጠ አይተርፉም አለ። አስካለ መፈረም አቅቷት አለቀሰች። ምትኩ አባዬ ራሳቸው ሳይነቁ አልፈቅድም ብሎ ወጣ። ትንሿ ውዴነሽ ብቻዋን ቀረች። አባቷ ሆስፒታል የገቡ ዕለት እጇን ይዘው «እግሬን ከሚወስዱት እኔኑ ይውሰዱኝ» ብለዋት ነበር፤ ይህንን የሰማች እሷ ብቻ ናት። ቢሆንም ይቆረጥ ብላ ፈረመች።

አባትየው ዳኑ። ሲነቁ ብርድ ልብሱን በእጃቸው ዳበሱት፤ እግሩ የነበረበት ባዶ ነው። ልጆቻቸው ሁሉንም ነግረዋቸው በቀረው እግራቸው ላይ ወደቁ፤ ሽማግሌው ሦስቱንም ይቅር አሉ። ይቅር መባል ግን ለአንዳቸውም እንቅልፍ አልሰጣቸውም።

ከሆስፒታል የሚወጡበት ቀን ደረሰ። ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም። እሳቸውን መጦር ደግሞ ለሦስቱም የመጨረሻ መካሻቸው ነው፤ ይህን ዕድል ያጣ ጸጸቱን ይዞ ይኖራል።

አስካለ «ጉድዎን ልሸፍን ብዬ ነው እግርዎን ያሳጣሁዎት። እኔ ጋ ይሁኑ» አለች።

ምትኩ «የስፌት መኪናዎን በእጅ እንዲዞር አድርጌዋለሁ። እኔ ቤት ሆነው ይስፉ» አለ።

ውዴነሽ «ቃልዎን አፍርሻለሁ። ግን አሁንም ቢሆን እፈርማለሁ» አለችና የአባቷን ልብስ ሸክፋ ያዘች።

ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። ሽማግሌውን ደግፈው አስገቧቸው። ሾፌሩ ዞር ብሎ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው። አቶ እንግዳወርቅ ሦስቱንም በየተራ አዩአቸው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ አባትየው ወደ ማን ቤት ይሂዱ?