ሕመም የማይሰማት አህያ

ከባሕር ማዶ ፍልስፍና ተምረው የመጡ ሊቁ ዘርይሁን የሚባሉ ሰው ነበሩ። «እንስሳ እንደ ሰዓት ተሞልቶ የሚሄድ ዕቃ ነው እንጂ ሕመም አይሰማውም» ይሉ ነበር። አገረ ገዥው ይህ ትምህርት በጣም ስለ ደነቃቸው የፈለጉትን እንስሳ ከነሕይወቱ ቀደው እንዲመረምሩ ፈቀዱላቸው።

አንድ የገበያ ቀን ሊቁ የአንዲት ሸክላ ሠሪ አህያ ያዙ። ሴትዮዋ ማሰሮዎቿን ገበያ የሚያደርስላት ሌላ እንስሳ አልነበራትም።

«ጌታዬ፣ ይተዉልኝ፤ ያማታል» ብላ ለመነች።

ሊቁ አህያዋን በከዘራቸው ጫፍ ወጋ ሲያደርጓት አናፋች።

«ሰማሽ? ይኼ ዘይት ያጣ በር ሲጢጥ እንደሚለው ነው። የሚያማት መሆኑን እዚሁ ሕዝብ ፊት ካላስረዳሽኝ፣ ሆዷን ቀድጄ መዘውሯን አሳይሻለሁ» አሉ።

ሴትዮዋ አህያዋን አየቻት፤ ከዚያ ሊቁን አየቻቸው።

«እሺ ጌታዬ፣ አያማትም። እንግዲያው ከኋላዋ ይቁሙና ደግመው ይውጓት።»

«ብትራገጥስ?» አሉ ሊቁ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው።

«ዕቃ ናት፤ ቂም አትይዝም። ድንገት እርስዎም ሲጢጥ ካሉ እኛ አንደነግጥም፤ ዘይት እናመጣለን» አለቻቸው።

ሊቁ የአህያዋን ገመድ መለሱላት።