በሐኪም ሥዕል የታየችው ምሕረት

ሰማይና ምድር የማይችሉትን ጌታ በማሕፀኗ የተሸከመች የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ቸርነት አይለየንና፣ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ለወይዘሮ ደብሪቱ ያደረገችውን ስሙኝ።

ደብሪቱ በወይን አምባ ማርያም አጥቢያ የምትኖር፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን የተባለች ደግ ሴት ነበረች፤ ባሏ ጓንጉል ሸማኔ ነው፣ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጣቸውም፣ ቤታቸው ግን ጨዋታ አጥቶ አያውቅም። እርሷም እመቤታችንን እጅግ ትወድ ነበርና፣ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ፣ በሥዕሏ ፊት ቆማ ሰላምታዋን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታደርሳለች፣ ከዚያም ትሰግዳለች፣ ከዚህም ብርድ ቢሆን ሕመም ቢሆን አስቀርቷት አያውቅም። ሰላምታውንም በጥድፊያ አትለውም፤ የመጣላትን እንግዳ ተቀብላ የምታናግር ነበር የምትመስለው፣ ቃሉን እያጣጣመች፣ መልስ እንደምትጠብቅ ሁሉ እያረፈች። ጓንጉልም ከመደቡ ላይ ጋደም ብሎ፣ "ለእኔ እንዲህ ጣፍጠሽ ተናግረሽኝ አታውቂም" ይላታል፤ እርሷም፣ "አንተም እንደ እርሷ ሳታቋርጥ ስማኛ" ትለዋለች።

ከዕለታት በአንዱ፣ በጾመ ፍልሰታ፣ እህል ውኃ ሳትቀምስ ሰግዳ ቀና ስትል፣ የግራ ዓይኗ መጋረጃ እንደወረደበት ጨለመ፣ ቀኝ እጇ ዝሎ ተንጠለጠለ፣ ምላሷም ታሰረ፤ ጥቂት ቆይቶም ለቀቃት። በማግስቱም ያው ሆነ፣ በሌላውም ቀን፤ ሁልጊዜ ከስግደት ቀና ስትል፣ ሁልጊዜ ያንኑ ሰላምታ ልትደግም ስትጀምር። እንግዲህ ወዳጁ ደጁን የዘጋበት ሰው ምን ያስባል? ደብሪቱም፣ "ሰላምታዬን ጠልታዋለች፤ ባትጠላው ከአፌ ላይ ባልወሰደችው ነበር" ብላ አሰበችና ይህን ለማንም ሳትናገር በሆዷ ያዘችው።

ጎረቤቷ እንጉዳይ ግን ሲይዛት አይታ፣ "ይህማ የታወቀ ነው" አለች። "ጥጥ ስትፈትዪ የማይነካሽ፣ ጸሎት ላይ ስትቆሚ የሚይዝሽ ሰይጣን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? አብዝተሽ ስገጂበት፣ ውኃም አትቅመሺ፣ ተናዶ ይለቅሻል።" እንጉዳይ ክፋት የላትም፣ ከፍቅር የተነሣ ነው፤ እዚያ ሀገር ማንም ቢሆን እንደዚያው ይል ነበር። ደብሪቱም ስግደቱን አበዛች፣ ባበዛችም ቁጥር ሕመሙ በረታባት፣ ከዚያም ጾሙ ሊያልቅ ሲል አንድ ጧት አንደበቷ እንደተዘጋ ቀረ። ከቃል ሁሉ አንድ ብቻ ተረፈላት፣ እርሱም "ቆይ" የሚል ነው። ምሳ ብዪ ቢሏት ቆይ፣ ማን መጣ ቢሏት ቆይ። ጓንጉልም ሊያስቃት ብሎ፣ "ላግባሽ ስልሽም ቆይ ነበር ያልሽኝ" አላት፤ እርሷም ሳቀች፣ ወዲያው ግን ፊቱን ወደ ድሩ አዙሮ ሲያለቅስ አየችው።

ቃሉ በውስጧ አልጠፋም። ከወንዝ ማዶ እንዳለ የእናት ቤት ነበረ፣ ጣሪያው ይታያታል፣ ደጁ ይታያታል፣ መሻገሪያው ግን የለም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ በሴቶች በር ትቆምና፣ ሕዝቡ ሰላምታውን ሲያደርስ ከንፈራቸውን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ የሚወጣው ግን ያው ነው። ስለ እጇ አላዘነችም፣ ሞትንም አልፈራችም፤ ያችን ሰላምታ ሳትላት እንዳትሞት ብቻ ነበር የምትፈራው፣ እየናፈቃትም ሰውነቷ ከሳ።

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሳለች እንቅልፍ ሸለብ አደረጋትና፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ታየቻት። "ወለተ ኪዳን፣ ሰላምታሽ ከእኔ ዘንድ አልቀረም፤ ምንጩ መንገድ ጠቦት ነው" አለቻት፣ እጇንም ይዛ በአንገቷ ግራ ጎን አኖረችው፤ ከዚያም፣ "ሥዕሌን የሣለው ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ የሐኪም ሥዕል አትናቂ" ብላት ተሰወረች።

ነቅታም ይህን በምን አፍ ትናገረው? የነፍስ አባቷ ቄስ መርዕድና ጓንጉል በደጀ ሰላሙ ዛፍ ሥር ቆመው ሲያወሩ አገኘቻቸውና፣ የባሏን እጅ ጎትታ አንገቷ ላይ አደረገችው።

"አባ፣ አንድ ነገር ይርገበገባል" አለ ጓንጉል ደንግጦ።

"ሐኪም ቤት ውሰዳት፤ ጠበሉንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለቱ አይጣሉም" አሉት ቄሱ።

እንጉዳይም ከኋላ ሆና፣ "አባቴ፣ ሰይጣን በመርፌ ይወጣል?" አለች።

"ሰይጣን ለመሆኑ ማን ነገረሽ?" አሏት፤ እርሷም ነጠላዋን አስተካከለች።

በከተማውም ሐኪም ቤት ዶክተር ምንትዋብ የተባለች ትሑት ሐኪም አየቻት፣ አንገቷንም በመሣሪያ መርምራ እንዲህ አለች፤ "አባባ፣ ደም ወደ ራሳቸው የሚያወጣው የግራ አንገታቸው ቧንቧ ውስጡ በስብ ተለብጦ፣ ክር የምታህል ቀዳዳ ናት የቀረችው። ሳይበሉ ሳይጠጡ ውለው ሰግደው ሲነሡ ደሙ ጉልበት ያጣና ሳይደርስ ይቀራል፤ የመናገሪያው ቦታ ደግሞ በዚያው ጎን ነው።"

"እንግዲያው ቧንቧውን ጥረጊዋ፣ ልጄ።"

"ያ ጎን ሞቶ ከሆነ መክፈቱ አይጠቅማቸውም፣ ደም ፈሶባቸው ሊጎዳቸውም ይችላል። በሕይወት ካለ ግን ተስፋ አለ። ደሙ ምን ያህል እንደሚደርሰው፣ በውስጡ ያለውንም ኦክስጅን ይጠቀምበት እንደሆነ የሚያሳይ ሥዕል አለን፤ መጀመሪያ እርሱን እንይ።"

ደብሪቱም ሥዕል ሲባል ሰማችና፣ ማንም ሳይጠራት ብድግ ብላ በሩ ጋ ሄዳ ቆመች።

ከመሣሪያው ክፍል ደጃፍ ባለሙያው፣ "ብረት ነክ አይገባም፣ እማማ፤ የአንገትዎን ያውልቁ" አላት። እርሷም በደህና እጇ አንገቷን ይዛ፣ "ቆይ፣ ቆይ" አለች።

"ማተቧ እኮ ነው" አለ ጓንጉል፣ "ክርስትና ከተነሣች ወርዶ አያውቅም።"

"ክሩን ማን ነካባቸው፣ አባባ። መስቀሉን ብቻ ነው።"

ጓንጉልም የብሩን መስቀል ከክሩ ፈትቶ በእጁ ጨበጠው፣ ክሩ በአንገቷ እንዳለ አስተኟትና ወደ ጠባቡ ዋሻ አስገቧት። መሣሪያውም እንደ ከበሮ ይደልቅ ጀመር፣ ትንፋሽሽን ያዢ ሲሏት ያዘች፣ ልቀቂ ሲሏት ለቀቀች። ያችን ሰላምታ ልትል ፈለገች፣ አልመጣላትም፤ እንግዲህ ቃል ከሌለኝ ናፍቆቱን ራሱን ልስጣት ብላ እርሱን ይዛ ዝም አለች። በዚያ ሁሉ ድለቃ መካከልም እንግዳዋ መጥታ አጠገቧ እንደተቀመጠችና እንደምትሰማት ታወቃት፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ልቧ አረፈ።

ሥዕሉ ሲወጣ የቀኙ ጎን ደም ሞልቶት ደምቆ ታየ፣ ግራው ግን ገርጥቶ ነበር፣ ደሙም ዘግይቶ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚደርሰው። ሐኪሟ ሌላውን ሥዕል ከጎኑ አደረገች፤ በዚያ ላይ የገረጣው ጎን ያገኛትን ጥቂት ደም ይዞ ኦክስጅኑን ከቀኙ ይልቅ አብልጦ፣ እስከ ጠብታው ሲመጥ ይታይ ነበር።

"አልሞተም" አለች። "ተጠምቶ ነው። እስካሁንም እየጠጣ ነው።" ከቀኝ ወደ ግራ የምትሻገር አንዲት ቀጭን የደም ሥርም አሳየቻቸው። "በዚህች ነው የቆየው። እንዲህ ያለች ሥር በሌላም ሰው ትገኛለች፤ ይህን ያህል ቀጥና ይህን ያህል ስትሸከም ግን አላየሁም።"

ደብሪቱም ጣቷን ሥዕሉ በሚታይበት መስታወት ላይ አድርጋ ያችን ቀጭን ሥር ከዳር እስከ ዳር ተከተለቻት፣ እንባዋም ወረደ፤ እርሷ ተዘግቶብኛል ያለችው ደጅ ለካ በሌላ በኩል ክፍት ኖሯል።

ከዚያም አንገቷን ከፍተው ቧንቧውን ጠረጉላት፣ ደሙም ወደ ተጠማው ጎን ወጣ። ስትነቃ ጓንጉል በራስጌዋ ነበር፣ ቀኝ እጇም አንሶላውን ጨበጥ ሲያደርግ አየ። ከንፈሯንም እያንቀሳቀሰች ብዙ ታገለችና፣ "ማርያም" አለች። ደግማም፣ "ማርያም" አለች፤ ጓንጉልም ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ቃሉ ሁሉ በአንድ ቀን አልመጣላትም። ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ ቄስ መርዕድ ስግደቱን ተቀምጦ በመጸለይ ለውጠውላት፣ መድኃኒቷን ሳታጓድል፣ ጎህ ሲቀድ በሥዕሏ ፊት ትቀመጥና ሰላምታውን ትጀምራለች፤ ግማሽ ላይ ሲጠፋባት ጓንጉል ከመደቡ ወርዶ አጠገቧ ይቀመጥና የቀረውን ይልላታል፣ ዕድሜውን ሙሉ ጋደም ብሎ ሲሰማው ኖሮ አንዲት ቃል አላመለጠችውም ነበርና። እየዋለ እያደረ ቃሉ ሁሉ ተመለሰላት፣ ብቻዋን ከዳር እስከ ዳር ማድረስ ቻለች፤ እርሱ ግን ከዚያ ወዲያ ወደ መደቡ አልተመለሰም፣ ሁለቱም እያመሰገኗት አብረው ኖሩ።

ለደብሪቱ የጠበበውን መንገድ ያሰፋች እመቤት የእናንተንም የጠበበ ሁሉ ታስፋላችሁ፤ ቃል አጥቶ የሚናፍቃትን ዝምታውን ትስማለት፤ ይህን የሰማ ጆሮ፣ ያነበበ ዓይን ከበረከቷ አይጉደል፤ ለዘለዓለሙ አሜን።