ትንፍሽ ያለው ታንከር

አቶ ጓንጉል በጣና ላይ የምትመላለስ የአንዲት ጀልባ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ ቁጣቸው ከሞተሯ ድምፅ ይበልጣል። አንድ ቀን ትልልቅ እንግዶች ጋብዘው ሐይቁን ሊያስጎበኙ ሲሰናዱ፣ ከክብር ወንበራቸው ጎን ብቅ ያለች ቀጭን ቧንቧ አዩ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«የሽንት ቤቱ ታንከር መተንፈሻ ናት፣ ጌታዬ» አለቻቸው የጀልባዋ ጽዳት ሠራተኛ። ምላሷ ስለት መሆኑን ወደቡ ሁሉ ያውቃል።

«እንግዳ ፊት ምን ይገትራታል? በጨርቅ ጠቅጥቂያት!»

«ኧረ ጌታዬ፣ ነፋስ ካላገኘ እኮ ታፍኖ ይብላላና...»

«ትንፍሽ እንዳትዪ! አንድ ቃል ብትጨምሪ ከሥራሽ ተባረሻል።»

ሴትዮዋ ልጆቿን አሰበች። የምትለውን ዋጥ አድርጋ ቧንቧዋን ጥርቅም አድርጋ ደፈነቻት።

ጀልባዋ ሐይቁ መሃል ስትደርስ፣ መውጫ ያጣው ሽታ በሽንት ቤቱ በር በኩል መጣ። አመጣጡ ደግሞ ለጉድ ነው! እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው እርስ በርስ በጥርጣሬ ይተያዩ ጀመር። አቶ ጓንጉል በላብ ተጠምቀው፣ ጥፋቱን በሴትዮዋ ላይ ሊደፈድፉ ጮኹ፦

«አንቺ! ይህን ጉድ ማን እንዳመጣብን እዚሁ እንግዶቹ ፊት ተናገሪ!»

እሷም እጅ ነሥታ እንዲህ አለች፦ «ጌታዬ፣ ትንፍሽ እንዳንል ያዘዙት እኔንም ታንከሩንም ነው። እኔስ እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። እሱ ግን ደመወዝ የለው፤ ማንን ፈርቶ ዝም ይበል?»