የገንዳውን ውሃ ማን ጠጣው?

አንድ ሰው ነበረ፤ ላም እያለበ ወተት የሚሸጥ። ከተማ ውስጥ፣ አቀበቱ ላይ ሰፊ ግቢ አለው፤ በግቢው ውስጥ አምስት ላሞች። ሰውየው ንጹሕ ነው። የሚያልብበትን ዕቃ ሁለት ጊዜ ያጥባል፤ የላሞቹን ጡት በሞቀ ውሃ ያብሳል። በወተቱ ላይ ጠብታ ውሃ ጨምሮ አያውቅም። እንዲህ ያለ ወተት ሻጭ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ትስቃላችሁ! ነበረ እላችኋለሁ።

ይህ ሰው ትርንጎ የምትባል ልጅ አለችው። አግብታ በዚያው መንገድ ቁልቁል ከአቀበቱ ግርጌ ትኖራለች። አንድ ዓመት ከሁለት ወር የሆናት ሕፃን አላት። አያትየው በየጠዋቱ አንድ ሊትር ወተት በእጁ ይዞ ይወርዳል። የሕፃኗን ጉንጭ ሳይስም አይመለስም።

ሕፃኗ ግን ታመመች። ተቅማጥ ያዛት። መድኃኒት ይሰጧታል፣ ይሻላታል፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ይመለስባታል። ጤና ጣቢያ በመዘኗት ቁጥር ኪሎዋ ይቀንሳል። በሦስተኛው ጊዜ ነርሷ ትርንጎን፣ “የምትጠጡት ውሃ ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀቻት።

“የቧንቧ ነው፤ ግን ሊሄድ ሲል ይሸታል” አለች ትርንጎ።

አያትየው ይህን ሲሰማ አበደ። “በዚህ ሰፈር ቆሻሻውን ከውሃ መስመር ጋር ያገናኘ ጨካኝ አለ! የልጅ ነፍስ የማያሳዝነው!” አለ። ማን ይሆን? ጋራዡን ጠረጠረ። ልብስ አጣቢዋን ጠረጠረ። አዲሱን ፎቅ ቤት ጠረጠረ። ከዚያ ወረቀት ይዞ ከበር በር ዞረና የአርባ ሁለት ሰው ፊርማ አሰባሰበ። ማመልከቻው ምን ይላል? “እያንዳንዱ ግቢ ይፈተሽልን” ይላል። መልካም አይደለም? እጅግ መልካም ነው። እኔም ብኖር እፈርም ነበር።

የውሃ መሥሪያ ቤቱም ስንዱ የምትባል ተቆጣጣሪ ላከ። ስንዱ ቤት ለቤት ሦስት ቀን ዞረች። ጋራዡ ውስጥ ሳሙና የተበጠበጠበት በርሜል ላይ አንድ ጥፋት አግኝታ አስተካከለች። ሰውየው “አላልኳችሁም?” አለ። ወገኖቼ፣ “አላልኳችሁም” ማለት እንዴት ደስ ይላል!

በአራተኛው ቀን ጠዋት የእሱ በር ተንኳኳ።

“ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የእርስዎ ግቢ ቀርቶኝ ነው።”

“የእኔ?” ሳቀ። “ተሳስተሻል ልጄ። አመልካቹ እኮ እኔ ነኝ። ፊርማውን ያሰባሰብኩት እኔ!”

“አውቃለሁ ጋሼ። ማመልከቻው እያንዳንዱ ግቢ ይላል።”

“እያንዳንዱ ማለት እኮ እነሱን ነው!”

አትሳቁ፤ ይህ ሰው ብቻውን አይደለም። አባቶቻችን “የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች” የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ለግማሽ ሰዓት በሩ ላይ ተከራከራት። በመጨረሻ “እሺ፣ ግቢና ፈትሺ፤ የምታገኚውን እናያለን” ብሎ ደረቱን ነፍቶ አስገባት።

መጸዳጃ ቤቱን አየች፤ ደህና ነው። ቧንቧውን አየች፤ አያፈስም። ቀጥሎ ላሞቹ የሚጠጡበት ገንዳ ዘንድ ቆመች። በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ በተራ። እንግዲህ ሰውየው ምን ያደርጋል? እናንተና እኔ የምናደርገውን! ቧንቧውን ይከፍታል፣ ጎማውን ገንዳው ውስጥ ይነክራል፣ ውሃ በመጣ ሰዓት ይምጣ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። አሁን ቤታችሁ ባለው በርሜል ውስጥ ጎማ የነከራችሁ ስንት ናችሁ? እጅ አታውጡ፤ አውቃችኋለሁ።

“ጋሼ፣ ዛሬ ውሃው ስንት ሰዓት ይሄዳል?”

“አራት ሰዓት ላይ። ምነው?”

“እስከዚያ እዚሁ ልቀመጥ።”

በርጩማ አመጣላት፤ አንድ ብርጭቆ ወተትም ሰጣት። ክፉ ሰው አይደለም ብያችኋለሁ። ገንዳው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ፉርሽካ ይንሳፈፍበታል፣ የላሞቹም ለሃጭ አለበት። ላሞቹ በረት ውስጥ ታስረዋል።

አራት ሰዓት ሲሆን ጎማው ተንፈራገጠና ጸጥ አለ። “ሄደ” አለ ሰውየው። ስንዱ ወደ በሩ ወስዳ ቆጣሪውን አሳየችው። መርፌው ቆሟል። ጥቂት ቆየና እንደገና መዞር ጀመረ። ግን ወዴት? ወደ ኋላ! ሰውየው ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ አየ። ወደ ኋላ ነው የሚዞረው።

ሮጦ ወደ ገንዳው ሄደ። ውሃው አራት ጣት ያህል ጎድሏል፤ እያየውም ይጎድላል። ላሞቹን ዞሮ አያቸው። አምስቱም እንደታሰሩ ናቸው።

“ማን ጠጣው?” አለ።

ስንዱ ጎማውን በጣቷ አሳየችው። “ጋሼ፣ ውሃው ሲሄድ ቧንቧው ባዶ ይሆንና ያገኘውን ሁሉ ወደ ታች ይስባል” አለችው። “ከእርስዎ በታች፣ ቧንቧ ከፍቶ የመጨረሻዋን ውሃ የሚቀዳ ማን አለ?”

ወገኖቼ፣ ሰውየው መልሱን ያውቃል። በየጠዋቱ በእጁ ወተት ይዞ የሚወርደው ወደዚያ ቤት ነው። በበር ወተት እየላከ፣ በቧንቧ የላሞቹን ለሃጭ ሲልክላት ከርሟል! ጎማውን ከገንዳው ጎትቶ አወጣና ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

“አያልቅሱ ጋሼ፣ በአንድ ቀን የሚስተካከል ነው” አለችው። የጎማው አፍ ከገንዳው በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እንዲሰቀል አደረገች። ከቆጣሪው አጠገብም ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አስገጠመችለት። “በየዓመቱ እየመጣሁ አየዋለሁ” አለች።

“ተስተካክሎ የለ እንዴ? በየዓመቱ ለምን?”

“ቫልቭም ይደክማል ጋሼ።”

በዚያው ቀን ወደ ልጁ ቤት ወረደ። “ትርንጎ፣ ያ ጨካኝ ተገኘ” አላት።

“ማን ነው አባባ?”

“እኔ ነኝ።”

ትርንጎ ሕፃኗን አንስታ ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። እሱም ከዚያ ተነስቶ የፈረሙት አርባ ሁለት ሰዎች ቤት እንደገና ዞረ፤ በዚህኛው ዙር ይቅርታ ሊጠይቅ። ሁለት ወር አልፎ ሕፃኗ ስትመዘን ነርሷ ሚዛኑን አስተካክላ ደግማ መዘነቻት፤ ያን ያህል ወፍራለች።

እንግዲህ የዚህ ሰው ጥፋት ምን ነበር? ክፋት ነው? አይደለም። ቸልተኝነት ነው? ዕቃውን ሁለት ጊዜ የሚያጥብ ሰው! ጥፋቱ ይህ ነው፤ ውሃ ወደ እሱ እንደሚመጣ ያውቃል፣ ከእሱ እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን አላሰበም።

እናንተ አባቶች፣ ለልጆቻችሁ በእጃችሁ የምትሰጡትን ታውቃላችሁ፤ ደብተር፣ ጫማ፣ ዳቦ። ሳታስቡት ከእናንተ ወደ እነሱ የሚፈሰውንስ? እናንተ እናቶች፣ ስለ ጎረቤት በማዕድ ላይ የምታወሩት ወዴት ይሄዳል? ኃይላችሁ በደከመበት፣ ትዕግሥታችሁ ባለቀበት ሰዓት ከውስጣችሁ የሚሳበው ምንድን ነው? ከእናንተ በታች ሆኖ የሚቀዳውስ ማን ነው?

“ጌታ ሆይ፣ ጎረቤቴን መርምር” ብሎ መጸለይማ እናውቅበታለን። ፊርማም እናሰባስባለን። በራችን ሲንኳኳ ግን “እኔ እኮ አመልካቹ ነኝ” እንላለን።

እንደሰማችሁት፣ ነገ ሰኞ የውሃ ተቆጣጣሪዎች በዚህ ሰፈር ቤት ለቤት ይዞራሉ። እኔም ትናንት ይህን ስብከት አዘጋጅቼ ስጨርስ ደስ ብሎኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የጥምቀት ገንዳችን ለሚመጣው እሑድ እየሞላ ነው። ባየው ጎማው እስከ ወለሉ ድረስ ጠልቋል! ዲያቆናቱን ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ትዝ አለኝ። ዓርብ ዕለት የነከርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የሚከፈተው የዚህ ግቢ በር ነው፤ የሚከፍተውም ሰባኪያችሁ ነው። ሁለተኛውን በር ማን ይከፍታል?